ሁለተኛ የውጭ ቋንቋ ግዴታ ይሁን? ከፈረንሳይኛ፣ ከዓረብኛ፣ ከቻይንኛና ከስዋሂሊ ለመምረጥ

ነሐሴ ላይ ልጁን ለማስመዝገብ የሚመጣ የአዲስ አበባ ወላጅ ከክፍያው ቀጥሎ ‹‹ከእንግሊዝኛ ሌላ ምን ቋንቋ ታስተምራላችሁ?›› ማለት ለምዷል። ትምህርት ቤቶችም ባነር ላይ ‹‹ፈረንሳይኛና ቻይንኛ እንሰጣለን›› ብለው ይጽፋሉ። ባነሩ ርካሽ ነው፤ ውዱ ክፍለ ጊዜው ነው። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ፈረንሳይኛ ለስድስት ዓመት የተማረ ልጅ ስሙንና ዕድሜውን ተናግሮ፣ እስከ ሃያ ቆጥሮ ይጨርሳል። ያ ልጅ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሂሳቡ ከመጀመሪያውም አይሞላም ነበር።

ይህ መመሪያ ለግል ትምህርት ቤት ባለቤቶች፣ ለርዕሳነ መምህራንና ለወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) አባላት ነው። እንግሊዝኛ ግዴታ ይሁን አይሁን የሚለው ክርክር እዚህ አይነሳም። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የማስተማሪያ ቋንቋ ነው፣ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝም የተፈጥሮ ሳይንስ ሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ ሳይል ይፈተነዋል። ጥያቄው ከዚያ በላይ አንድ ቋንቋ መጨመርና ልጁን ሁሉ ግድ ማለት ያዋጣል ወይ የሚለው ነው። የእኛ መልስ አጭር ነው፦ በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ፣ ሳይቋረጥ ለ4 ዓመት መስጠት ከቻላችሁ ግዴታ አድርጉት። ካልቻላችሁ ክበብ አድርጉትና ባነሩን አውርዱት።

ከሁሉ በፊት እንግሊዝኛውን ፈትሹ

ብዙ ትምህርት ቤት ሦስተኛና አራተኛ ቋንቋ የሚጨምረው እንግሊዝኛው ሳይቆም ነው። ‹‹ኢንግሊሽ ሚዲየም›› መባል እንግሊዝኛ ይችላሉ ማለት አይደለም፤ ሳይንስን በማያውቁት ቋንቋ ይሸመድዳሉ ማለትም ሊሆን ይችላል።

አንድ ክፍለ ጊዜ የሚፈጅ ፈተና ይኸውና። ከ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ ሥዕል የሌለበትን አንድ ገጽ ኮፒ አድርጉ። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችሁ 15 ደቂቃ ያንብቡት። ከዚያ አምስት ጥያቄ በአማርኛ ጠይቁና በአማርኛ ይመልሱ፤ የምትለኩት መረዳታቸውን እንጂ መጻፋቸውን አይደለም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሦስት ጥያቄ መመለስ ካቃታቸው የምትጨምሩት ክፍለ ጊዜ ሁሉ ለእንግሊዝኛ ንባብ ይዋል። ፈረንሳይኛው ሁለት ዓመት ቢቆይ የሚጎዳ ልጅ የለም፤ 9ኛ ክፍል ገብቶ መጽሐፉን ማንበብ ያቃተው ልጅ ግን በሁሉም ትምህርት ይጎዳል።

የሰዓቱ ስሌት

የትምህርት ዘመኑ በወረቀት ከ36 እስከ 40 ሳምንት ይሆናል። የምዝገባውን ሳምንት፣ ሚድና ፋይናሉን፣ በዓላቱን፣ የወላጆች ቀን ልምምዱን ስትቀንሱ በትክክል የሚማሩበት 32 ሳምንት ቢቀር ነው። ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ በሳምንት 3 ቢሰጥ 2 ሰዓት፣ በዓመት 64 ሰዓት፣ በ4 ዓመት 256 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 2 ከሆነ በ4 ዓመት 171 ሰዓት ገደማ ነው። በሳምንት 1 ከሆነ 85።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች ከአውሮፓውያኑ የቋንቋ ደረጃ (ከጀማሪው ኤ1 ተነስቶ ወደ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 ከሚወጣው) ጋር አስተያዩ። ለፈረንሳይኛ በተለምዶ የሚሰጠው ግምት እንዲህ ነው፦ ኤ1 ለመድረስ ከ60 እስከ 100 ሰዓት፣ ኤ2 ለመድረስ ከመነሻው ተደምሮ ከ160 እስከ 200፣ ቢ1 ከ360 እስከ 400፣ ቢ2 ደግሞ ከ560 በላይ። ግምቱ ከፍሎና ፈልጎ ለሚማር፣ ቁጥሩ አነስ ባለ ክፍል ለሚቀመጥ ሰው ነው። ስለዚህ በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ በ4 ዓመት ውስጥ የሚጠበቀው ኤ2 ነው፦ ገበያ መግዛት፣ መንገድ መጠየቅ፣ አጭር ደብዳቤ መጻፍ፣ ቀለል ያለ ጽሑፍ ማንበብ። በሳምንት 2 ኤ2 ጫፍ ላይ የሚደርሱት ጎበዞቹ ብቻ ናቸው። በሳምንት 1 ስድስት ዓመት እንኳ ቢሰጥ ከኤ1 አያልፍም። ወላጅን ‹‹ልጅዎ ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ ይናገራል›› የሚል ትምህርት ቤት ይህን ሂሳብ አልሠራም፣ ወይም ሠርቶ ደብቆታል።

የክፍሉ ብዛት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። 50 ልጅ ባለበት ሰክሽን ስም ጠሪው፣ ሰሌዳ ማጥፋቱና ደብተር ማስወጣቱ 10 ደቂቃ ይበላል። በቀሪው 30 ደቂቃ መምህሩ አንድ በአንድ እያስነሳ ቢያናግር ለእያንዳንዱ 36 ሰከንድ ይደርሰዋል። ጥንድ ጥንድ አድርጎ 10 ደቂቃ ቢያነጋግራቸው ግን እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ይናገራል። ክፍሉ ይጮሃል፣ ዩኒት ሊደሩ (የክፍሎቹ ተቆጣጣሪ) በበሩ ሲያልፍ ይቆጣል። ለዩኒት ሊደሩ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ግዴታ፣ ምርጫ ወይስ ክበብ

ምርጫ ለማንም የሚያዳላ አይመስልም፤ በተግባር ግን ወደ መተው ያዘነብላል። የእንግሊዝ አገር ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እዚያ ከ14 ዓመት በላይ ላሉ ተማሪዎች የውጭ ቋንቋ ግዴታ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2004 ቀረ። በ16 ዓመታቸው በውጭ ቋንቋ ይፈተኑ የነበሩት ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ነበሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አራት ወረዱ። ያልተዉት በአመዛኙ የተሻለ ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆችና ጠንካራ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ቋንቋ ከሌላው ትምህርት ይልቅ ውጤት ያበላሻል የሚል ስጋት ስላለ፣ ‹‹እንደፈለጋችሁ›› ከተባለ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው።

በእኛ ትምህርት ቤቶች ይህን ስጋት የሚያባብሰው ደረጃ ነው። አንደኛ ሁለተኛ የሚወጡ ልጆች ወላጆች በፈረንሳይኛ 71 ያመጣች ልጅ ደረጃዋ ሲወርድ ቢሮ ይመጣሉ፤ መምህሩም በሁለተኛው ሴሚስተር ለሁሉም 90 መስጠት ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ውጤቱ ምንም አይናገርም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ትምህርቱ ግዴታ ይሁን፣ ውጤቱ ካርድ ላይ ይውጣ፣ አማካይና ደረጃ ውስጥ ግን አይግባ። ተማሪው መቅረት አይችልም፣ ደረጃውም አይነካበትም። ይህን በመስከረም በጽሑፍ ለወላጅ ካላሳወቃችሁ በጥር ማስረዳት አይቻልም።

ከሁለት ቋንቋ አንዱን መምረጥ ግዴታ የሚሆንበት አሠራርም አለ፤ ብዙ ሰው የማያስበው ጥቅም አለው። 50 ልጅ ያለበት ሰክሽን ለሁለት ይከፈላል፤ 25ቱ ፈረንሳይኛ፣ 25ቱ ዓረብኛ። የመናገር ዕድላቸው በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። ሆኖም ሁለቱ ቋንቋዎች በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ በአንድ ሰዓት መግባት አለባቸው፤ ሁለት መምህርና አንድ ትርፍ ክፍል በዚያ ሰዓት ነጻ መሆን ይኖርበታል። ድልድሉ የሚሠራው ሌላው ሁሉ ከተደለደለ በኋላ ከሆነ አይገጥምም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቋንቋዎቹን አስገቡ። አንደኛው ቋንቋ ከ15 ልጅ በታች ከመረጠው አትክፈቱት፤ በዓመቱ መካከል ይዘጋና ልጆቹ ሌላኛው ቡድን መሃል ከዜሮ ይገባሉ።

ክበብ ርካሽ ነው፣ የሚመጣውም ፈልጎ ነው። ግን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከሆነ በሰርቪስ የሚሄዱ ልጆች ሁሉ ይቀራሉ፤ ሰርቪሱ አይጠብቅም። ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ የቤተ ክርስቲያን፣ የመድረሳና የቱቶሪያል ፕሮግራም ይሻማዋል። መስከረም ላይ 40 ልጅ ተመዝግቦ ሚያዝያ ላይ 11 መቅረቱን እንደ ውድቀት አትዩት፤ አሥራ አንዱ ላይ በደንብ ሥሩ።

ከየትኛው ክፍል ይጀመር

‹‹ሕፃን ቶሎ ይይዛል›› የሚባለው ቋንቋው በቤትና በሰፈር ቀኑን ሙሉ ለሚሰማ ልጅ ይሠራል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ክፍለ ጊዜ ለሚማር ግን አይሠራም። በባርሴሎና እንግሊዝኛ በሚማሩ ተማሪዎች ላይ ለዓመታት የተደረገ ሰፊ ጥናት በ8 ዓመታቸው የጀመሩትንና በ11 የጀመሩትን እኩል ሰዓት ከተማሩ በኋላ ሲያወዳድር፣ ዘግይተው የጀመሩት በልጠው ተገኝተዋል። ትልልቆቹ ማንበብና መጻፍ ይችላሉ፣ ሰዋስው ሲነገራቸው ይገባቸዋል።

የእኛ የ1ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ሸክሙ ብዙ ነው። 231 ፊደላት ያሉት ገበታ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ አዲስ አበባ ከሆነ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል። አንዱን የላቲን ፊደል በሁለት ድምፅ ማንበብ እየተማረ ሳለ ሦስተኛ ማምጣት ማደናገር ነው፦ በቁቤ ‹ቀ› የሚባለውን ፊደል (q) ፈረንሳይኛ ‹ከ› ይለዋል፣ በቁቤ ‹ጨ› የሆነውን (c) ደግሞ አንዴ ‹ሰ› አንዴ ‹ከ› ያደርገዋል። 4ኛ ክፍል ላይ ይህ ግርታ አልፏል።

መጨረሻውም እንደ መጀመሪያው ይታሰብበት። የ8ኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር ለሚኒስትሪ ነው፤ በፈተናው የሌለ ትምህርት ክፍለ ጊዜው በቱቶሪያል ይወሰዳል፣ ማንም ቢቃወም። አዲስ አበባ ውስጥ 6ኛ ክፍል ላይም ፈተና ስላለ ከትንሣኤ በኋላ ተመሳሳይ ጫና ይመጣል። ስለዚህ አራቱ ዓመት ከ4ኛ እስከ 7ኛ ቢሆን ይሻላል። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ከሆነ የመጨረሻው ዓመት ግማሽ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

የትኛው ቋንቋ?

በመጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። ‹‹ወደፊት ሥራ የሚያስገኘው የትኛው ነው?›› የሚለው ጥያቄ ብቻውን ጥሩ መሪ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት የዘመኑ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ የባቡሩም የዲፕሎማሲውም ቋንቋ እሱ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ። ዛሬ 4ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሥራ የሚፈልገው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ከገበያው ይልቅ ሁለት ነገር መርምሩ፦ ያለማቋረጥ የሚገኝ መምህር አለ ወይ? ልጆቹ በ256 ሰዓት የት ይደርሳሉ?

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የሚያወጣው የሰዓት ግምት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፦ ስዋሂሊ 900፣ ዓረብኛና ቻይንኛ እያንዳንዳቸው 2200 ሰዓት፤ ፈረንሳይኛ ከሁሉም ያነሰ። ያ ሠንጠረዥ የተሠራው እንግሊዝኛ አፉን ለፈታበት ሰው ነው፤ አማርኛንም 1100 ሰዓት ብሎ አስቀምጦታል። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ላይ እንዳለ መገልበጥ ስህተት ነው፣ በተለይ ዓረብኛ ላይ።

ፈረንሳይኛ በመምህር አቅርቦት ይበልጣል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ መምህራን አሉ፤ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ሊሴ ገብረማርያምም ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ጅቡቲ ከዓረብኛ ጋር በሥራ ቋንቋነት ትጠቀምበታለች፣ ከአፍሪካ ኅብረት ቋንቋዎችም አንዱ ነው። ችግሩ ንባቡ ነው፤ ቃሉ መጨረሻ ላይ የሚጻፉ ፊደላት አብዛኛዎቹ አይነበቡም፣ በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎች ደግሞ አማርኛ ውስጥ የሉም። ልጆች የተጻፈውን ፊደል ሁሉ ያነባሉ፣ የሚሰሙትን ሁሉ በድምፁ ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ከጽሑፍ በፊት በጆሮ ቢጀመር ይህ በግማሽ ይቀላል።

ፈረንሳይኛ ሌላ ጥቅም አለው፦ ዴልፍ የሚባለው ፈተና ምስክር ወረቀቱ ጊዜ አያልፍበትም። ከ100 ይታረማል፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር 25 25 አላቸው። ማለፊያው 50 ነው፣ ግን ከአራቱ በአንዱ ከ5 በታች ያመጣ ይወድቃል። ሰዋስው ብቻ እያስገለበጠ የሚያስተምር መምህር እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ ተማሪዎቹ በጽሑፍ 20 አምጥተው በንግግር 4 ያመጣሉ። ስለዚህ በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ኤ2 ማስፈተን ትምህርት ቤቱን ራሱን የመፈተኛ መንገድ ነው።

ዓረብኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው። ራስ፣ ዓይን፣ ደም፣ ነፍስ፣ ስም፣ ቤት፣ ሰማይ፣ ሞት በሁለቱም አንድ ሥር አላቸው። ‹ከተበ› ማለት ‹ጻፈ› ነው ሲባል ክታብ የሚያውቅ ልጅ አይደነግጥም። ግሥ ከሦስት ፊደል ሥር እየተረባ መሄዱ ለእንግሊዛዊ ራስ ምታት ነው፤ ለእኛ ልጅ ግን ሰበረ፣ ተሰበረ፣ አሰበረ እንደማለት ነው። የሚከብደው ድምፁ ነው፦ ሀ፣ ሐና ኸ አማርኛ አናጋገር ውስጥ ተቀላቅለዋል፣ ዐ ደግሞ ከአ አይለይም። ትግርኛ የሚናገሩ ልጆች ሐና ዐን ስለሚለዩ እዚህ ላይ ቀድመው ይገኛሉ።

ጽሕፈቱ ጊዜ ይወስዳል። 28ቱ ፊደላት እንደ ቦታቸው ቅርጽ ይለውጣሉ፣ ስድስቱ ከሚከተላቸው ጋር አይቀጠሉም፣ አጫጭር አናባቢዎች ከልጆች መጽሐፍና ከቁርኣን ውጭ ብዙ ጊዜ አይጻፉም። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ለፊደል መድቡ፤ ‹‹ምንም አልተማሩም›› የሚል ወላጅ ይመጣል፣ አስቀድማችሁ አስታውቁ። ሌላው ሊነገር የሚገባው፣ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ፉስሃ፣ ማለትም መደበኛው የጽሑፍ ዓረብኛ ነው። ሪያድና ዱባይ ቤት ውስጥ የሚነገረው ሌላ ነው። ‹‹ዓረብ አገር ትሄዳለች›› ብሎ የሚያስመዘግብ ቤተሰብ ይህን ማወቅ አለበት፤ ፉስሃ ያነበበ ሰው ውሉን ያነባል፣ የቤቱን ወሬ ለመስማት ግን ወራት ይፈልጋል። ውሉን ማንበቡ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ከመምህር በኩል፣ መድረሳ ያስተማረ ሰው ንባቡ የጠራ ቢሆንም ዓረብኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር ሌላ ሙያ ነው። ከዜና፣ ከገበያና ከቤተሰብ ርእስ የሚነሳ መጽሐፍ ምረጡ፤ ከልዩ ልዩ እምነት የመጡ ወላጆችንም አያሳስብም።

ቻይንኛን ብዙ ወላጅ የሚፈልገው ዱከም ያለውን የኢንዱስትሪ ዞንና የጅቡቲውን ባቡር አይቶ ነው። ምክንያቱ ተገቢ ነው፣ ጊዜው ግን ይጎድላል። አንድን ቃለ ድምፅ በአራት ዜማ መለየት አለ፤ አማርኛ ዜማ ትርጉም አይለውጥበትም። ከዚያ በላይ ቃል በቃል የሚጠና ምልክት አለ። በስፋት በሚታወቀው የኤችኤስኬ ፈተና አንደኛው ደረጃ 150 ቃል፣ ሁለተኛው 300፣ ሦስተኛው 600 ይጠይቃል። አንደኛና ሁለተኛው ላይ ምልክቱ ከላይ በላቲን ፊደል ተጽፎ ስለሚቀርብ ልጆች ምልክቱን ሳያዩ ላቲኑን አንብበው ያልፋሉ፤ ሦስተኛው ላይ ላቲኑ ሲነሳ ይቆማሉ። መምህሩ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ላቲኑን እየሸፈነ ያስነብብ። እነዚህ ሁለት ደረጃዎች ማዳመጥና ማንበብ ብቻ ስለሚለኩ የምስክር ወረቀቱ ልጁ መናገር መቻሉን አያሳይም። በአራት ዓመት ሁለተኛውን ደረጃ ጠብቁ፣ ጎበዙ ሦስተኛውን ይደርሳል። ትልቁ አደጋ ግን መምህሩ ነው፤ ከቻይና በአንድና ሁለት ዓመት ውል የሚመጣ መምህር ሲሄድ ተተኪው እስኪገኝ ሴሚስተር ያልፋል። ቻይንኛ ለክበብ ጥሩ ነው፣ ለግዴታ አንመክረውም።

ስዋሂሊ ላይ ወላጅ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ‹‹ለኬንያ ምን አለኝ?›› ይላል። ሆኖም በአራት ዓመት ከሁሉም የሚያስኬደው እሱ ነው። እንደተጻፈ ይነበባል፣ አብዛኛው ድምፁ አፋችን ላይ አለ፣ አድራጊና ተደራጊ ግሡ ውስጥ መግባታቸውም ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ አይደለም፤ ‹ኒናኩፔንዳ› ልክ እንደ ‹እወድሃለሁ› አንድ ቃል ነው። የሚያታግለው የስም ምድቦቹ ብዛት ነው። የአፍሪካ ኅብረት በ2022 እ.ኤ.አ. የሥራ ቋንቋው አድርጎታል። የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መምህር ማግኘት። በሠፈራችሁ ሞምባሳ ወይም ዳሬሰላም የኖረ፣ ማስተማር የሚችል ሰው ካለ ከቻይንኛው በፊት አስቡት።

ጀርመንኛን ለነርስነትና ለሙያ ሥልጠና የሚያስቡ አሉ። ያ ቢ1ና ቢ2 የሚጠይቅ የአዋቂ ዕቅድ ነው፤ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ጎተ ኢንስቲትዩት ገብቶ በየቀኑ መማር ይሻላል።

ከመወሰናችሁ በፊት የሚጣራ

የመምህር ቁጥር። ከ4ኛ እስከ 7ኛ ክፍል፣ በየክፍሉ 3 ሰክሽን ካላችሁ 12 ሰክሽን ነው፤ በ3 ሲባዛ በሳምንት 36 ክፍለ ጊዜ። አንድ መምህር 24 ቢይዝ ሁለት መምህር ያስፈልጋል። አንድ ብቻ ቀጥራችሁ 36 ብታሸክሙት ከገና በፊት ይለቃል። ሁለተኛው መምህር የመጀመሪያው ሲታመም መተኪያም ነው፤ አንድ መምህር ብቻ ያለው ቋንቋ በአንድ መልቀቂያ ደብዳቤ ይዘጋል።

ጅማሬው። በመጀመሪያው ዓመት በአራቱም ክፍል አትጀምሩ። 4ኛ ክፍል ብቻ ጀምሩና በየዓመቱ አንድ ክፍል ጨምሩ። አለበለዚያ የ7ኛ ክፍሉ ልጅ የ4ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዞ አንድ ዓመት ተምሮ ይወጣል፤ ከወጪው በቀር የሚቀር ነገር የለም። በዚህ መንገድ ሁለተኛውን መምህር የምትቀጥሩትም በሦስተኛው ዓመት ነው።

መጽሐፍ። ከውጭ የሚመጣው ከነሲዲውና ከነመልመጃው ውድ ነው። ለሦስት ሰክሽን በጋራ የሚዞር 50 የመማሪያ መጽሐፍ ግዙ፣ መልመጃውን ልጁ በራሱ ደብተር ይሥራው። ድምፁ ግን አይቀነስ፤ መምህሩ ክፍል ይዞት የሚገባ በቻርጅ የሚሠራ ስፒከር ያስፈልጋል፣ መብራት በሄደ ቁጥር የማዳመጥ ትምህርት እንዳይዘለል።

ፈቃድ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪ አንድ የውጭ ቋንቋ መርጦ መማር እንደሚችል ያስቀምጥ ነበር፤ ቋንቋ መጨመር በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሦስቱን ክፍለ ጊዜ የምታመጡት ግን ከሥርዓተ ትምህርቱ ቆርጣችሁ መሆን የለበትም። ከእረፍት ወይም ከቀኑ ማብቂያ የምትጨምሩትን ደቂቃ በድልድል አዘጋጅታችሁ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በሰኔ አቅርቡ፤ በመስከረም ከቀረበ ሱፐርቪዥን ሲመጣ ያስጠይቃል።

መለኪያ። በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ከየሰክሽኑ በዕጣ አሥር ልጅ አውጡና ቋንቋውን የሚያውቅ የውጭ ሰው እያንዳንዱን ለሦስት ደቂቃ ያነጋግር፦ ስለ ቤተሰቡ፣ ትናንት ስላደረገው፣ ነገ ስለሚያደርገው። ያለ አማርኛ መመለስ የቻሉት ከአሥሩ ስድስት ካልሞሉ ሦስተኛ ዙር ተማሪ አትቀበሉ። የተጀመሩት ይጨርሱ፣ አዲስ 4ኛ ክፍል አይግባ፣ ክፍለ ጊዜውም ወደ እንግሊዝኛ ንባብ ይዛወር።